ጎል የገባበት ልጅ

ልጅዎ ከሜዳ አንገቱን ደፍቶ የተመለሰ ቀን የሁለት አውሮፓውያን በረኞች ታሪክ ይጠቅምዎ ይሆናል

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የእህቴን ልጅ ይዤ ኳስ ሜዳ ሄጃለሁ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በረኛ የሆነው መጀመሪያ ላይ ወዶ አልነበረም። እርስዎም እንደሚያውቁት በሰፈር ኳስ በረኛ የሚሆነው ወይ ትንሹ ልጅ ነው፣ ወይ መሮጥ የማይወደው። የእኛው ትንሹ ነበር። ቆይቶ ግን ወደደው። ጓንት ተገዛለት። ማታ ማታ ጓንቱን ትራሱ ስር አድርጎ መተኛት ጀመረ።

ያን ቀን ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ከሩቅ የተመታች፣ ጉልበት የሌላት ኳስ መሬት ለመሬት እየተንከባለለች መጣች። ጎንበስ አለ። ኳሷ በእግሮቹ መሃል ሾልካ ገባች። ከዚያ በፊት ሦስት ጥሩ ጥሩ ኳሶችን አውጥቶ ነበር፤ እነሱን ያስታወሰለት ማንም የለም። ጓደኞቹ «በአንተ ነው የተሸነፍነው» አሉት።

በባጃጅ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ዓባይ ማዶ ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገረም። ሌላ ጊዜ ድልድዩ ላይ ስንደርስ «ጉማሬ አያለሁ» ብሎ አንገቱን የሚያወጣ ልጅ፣ ያን ቀን ጓንቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ቤት ልንደርስ ስንል «ጋሼ፣ ከእንግዲህ በረኛ አልሆንም» አለኝ።

«ምንም አይደል፣ ኳስ እኮ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። ለእሱ ኳስ ብቻ አልነበረም። እህቴም ነገሩን ስትሰማ «ድሮም ብያለሁ! ሰው ሁሉ የሚጮህበት ቦታ ላይ ልጄን ለምን ያቆሙብኛል?» ብላ ተቆጣች።

እውነት ለመናገር የሁለቱንም ሐሳብ የምመልስበት ነገር አልነበረኝም። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። በእኛ ሙያ መቶ ደንበኛ ረክቶ ቢሄድ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ አንዱ ቅር ካለው ግን ከተማው ሁሉ ይሰማል። የበረኛም ዕጣ እንዲሁ ነው። አጥቂ አምስት ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ ጀግና ይባላል። በረኛ አምስት አድኖ አንድ ቢያመልጠው የሚወራው ስላመለጠችው ነው። ታዲያ ይህን ሸክም ተሸክመው ዕድሜ ልካቸውን የቆዩ፣ ጓንታቸውን ሰቅለውም አሰልጣኝ ለመሆን የበቁ ሰዎች እንዴት ቻሉት? እሱን ለማወቅ ወደ ኋላ ሄድኩ። መጀመሪያ የደረስኩት እኛው አገር ነው።

የጥር 2005 ትዝታ

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. እርስዎ የት ነበሩ? እኔ የቢዝነስ ተማሪ ነበርኩ። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀኑ ነው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ፣ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር ትጫወታለች። እኛ ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቆመናል።

በመጀመሪያው አጋማሽ ያገኘነውን ፍፁም ቅጣት ምት ሳላዲን ሰይድ ሳይጠቀምበት ቀረ። ብዙም ሳይቆይ በረኛችን ጀማል ጣሰው ኳስ ለማዳን ወጥቶ ከዛምቢያ ተጫዋች ጋር ተጋጨና ቀይ ካርድ አየ። ዘሪሁን ታደለ ተቀይሮ ገባ። ዛምቢያ ቀድማ ብታገባም፣ በዐሥር ሰው የቀረው ቡድናችን በአዳነ ግርማ ጎል አንድ አቻ ወጣ። ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ።

ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ጥር 21፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ከናይጄሪያ ጋር በነበረው ጨዋታ በሩ ላይ የቆመው ሲሳይ ባንጫ ነበር። እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ጎል አልገባም። ከዚያ በኋላ ናይጄሪያ ሁለት ፍፁም ቅጣት ምት አገኘች፤ ሁለቱንም ቪክተር ሞሰስ አገባ። በሁለተኛው ሲሳይ በቀይ ካርድ ወጣ። ቅያሪያችንን ጨርሰን ስለነበር ጓንቱን ያጠለቀው አማካዩ አዲስ ሕንፃ ነው።

በሦስት ጨዋታ ሦስት በረኞችና አንድ አማካይ በሩ ላይ ቆሙ። ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ውስጥ በእነዚያ በረኞች ላይ የወረደውን ቃል እዚህ አልደግመውም። ከጮኹት አንዱ እኔ ነበርኩ።

አሁን ደግሞ ሦስት ወር ወደ ኋላ እንመለስ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ ውድድሩ አለፈች። በመጀመሪያው ጨዋታ ሱዳን አገር 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ያሳለፈን ከሜዳችን ውጭ ያገባነው ጎል ነው። ያገቡልንን አዳነንና ሳላዲንን እስከ ዛሬ እናነሳቸዋለን። ግን እስኪ ሒሳቡን ያስሉት። ያን ቀን ሱዳን አንዲት ጎል ብታገባ ኖሮ ውጤቱ 2 ለ 1 ሆኖ እንኳ አናልፍም ነበር። ከ31 ዓመት በኋላ ያሳለፈን «ሁለት» ብቻ አልነበረም፣ «ዜሮ»ውም ጭምር ነበር። የበረኛ ሥራ ዜሮ ነው። ለዜሮ ደግሞ የሚጨፍር የለም።

ከዲትሮይት እስከ ቱሉዝ

አሁን ወደ ሩማንያ ልውሰድዎ። ቦግዳን ስቴሊያ እ.ኤ.አ. በ1967 ቡካሬስት ተወለደ። በዲናሞ ቡካሬስት በር ላይ ስሙን አስጠርቶ፣ በ26 ዓመቱ በ1994ቱ የአሜሪካ የዓለም ዋንጫ የአገሩ ቋሚ በረኛ ሆኖ ተሰለፈ። ያ ቡድን በእነ ጌዮርጌ ሃጂ ዘመን የነበረው፣ የሩማንያ ወርቃማው ትውልድ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ብዙዎች ዋንጫ ትበላለች ያሏትን ኮሎምቢያን 3 ለ 1 አሸነፉ።

ሁለተኛው ጨዋታ ሰኔ ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ ጁን 22። በዲትሮይት አቅራቢያ፣ ጣሪያ ባለው ስታዲየም ውስጥ፣ ስዊዘርላንድ ስቴሊያ ላይ አራት ጎል አገባች። ጨዋታው 4 ለ 1 አለቀ። አሰልጣኙ አንጌል ዮርዳኔስኩ በቀጣዩ ጨዋታ ስቴሊያን አስቀምጦ ፍሎሪን ፕሩኒያን አሰለፈ።

ከዚያ የሆነውን ልብ ይበሉ። ሩማንያ አሜሪካን አሸነፈች። አርጀንቲናን 3 ለ 2 ረትታ ሩብ ፍፃሜ ገባች። በስዊድን የተሸነፈችው በመለያ ምት ነው። አገሩ በዓለም ዋንጫ እስከዚያ ያልደረሰችበት ቦታ ስትደርስ፣ ስቴሊያ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የቡድን ጓደኞችዎ ያለ እርስዎ ታሪክ ሲሠሩ ማጨብጨብ ምን ያህል እንደሚከብድ ያስቡት።

እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። አላቆመም። ክለብ እየቀየረ፣ አገር እየቀየረ መጫወቱን ቀጠለ። በ1997 ወደ ስፔኑ ሳላማንካ ሄዶ ሰባት ዓመት ቆየ። በ1998ቱ የፈረንሳይ የዓለም ዋንጫ እንደገና የሩማንያ ቋሚ በረኛ ሆነ። የመረጠው አሰልጣኝ ያው ዮርዳኔስኩ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት ያስቀመጠው ሰው።

ቱሉዝ ከተማ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ተጫወቱ። ሩማንያ ቀድማ አገባች፣ ማይክል ኦወን አቻ አደረገ፣ ዳን ፔትሬስኩ መጨረሻው ላይ ሁለተኛውን ጨመረ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኦወን እንደገና መታ፤ ኳሷ ቋሚውን ብረት መትታ ተመለሰች። 2 ለ 1። ቀኑ ጁን 22 ነበር። ዲትሮይት ላይ አራት ጎል ከገባበት ቀን ልክ አራት ዓመት፣ ቀን በቀን።

ስቴሊያ ለአገሩ 91 ጊዜ ተሰልፏል። ጓንቱን የሰቀለው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ2009 ነው። ከዚያም ወደ አሰልጣኝነት ገባ። ተጫዋች ቀይሮ የማስቀመጥን ከባድነት ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ ዲትሮይት አስተምራዋለች።

አጭር ነው የተባለው ልጅ

ይኸው ስቴሊያ በ2000 የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ ብራስልስ ላይ ከጣሊያን ጋር ተጫውቶ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ያን ዕለት በጣሊያን ወንበር ላይ በአሰልጣኝነት የተቀመጠው ሌላ የቀድሞ በረኛ ነበር። ዲኖ ዞፍ ይባላል። ለወላጆች የሚሆነው ታሪክ ደግሞ ከእሱ ዘንድ ነው።

ዞፍ በ1942 በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን ገጠር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ኳስን እንጀራ ይሆናል ብሎ ስላላመነ የእጅ ሙያ ተማር አለው፤ ልጁም መካኒክነት ተማረ። በ14 ዓመቱ ኢንተርና ዩቬንቱስ ለሙከራ አይተውት «አጭር ነው» ብለው መለሱት። ቤት ሲመለስ አያቱ ተስፋ አልቆረጡም። በየቀኑ ስምንት እንቁላል እንዲበላ አደረጉት ይባላል። እንቁላሉ ይሁን ዕድሜው፣ ልጁ አደገ፤ 1 ሜትር ከ82 ደረሰ።

በ1961 ለኡዲኔዜ በአንደኛው ዲቪዚዮን የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ በፊዮረንቲና 5 ለ 2 ተሸነፈ። የመጀመሪያ ቀን፣ አምስት ጎል! ከዚያ በማንቶቫና በናፖሊ አድርጎ፣ በ1972 «አጭር ነው» ወዳለው ዩቬንቱስ በቋሚ በረኛነት ገባ። ስድስት ጊዜ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ። ከ1972 እስከ 1974 ለብሔራዊ ቡድኑ ሲጫወት 1,142 ደቂቃ ጎል ሳይገባበት ቆየ። ያን ክብር የሰበረው ታላቅ አገር አይደለም፤ የሄይቲው ኢማኑኤል ሳኖን ነው።

በ1978ቱ የዓለም ዋንጫ ከሩቅ የተመቱ ኳሶች ስለገቡበት በ36 ዓመቱ «አርጅቷል፣ ዓይኑ ደክሟል» ተባለ። ከአራት ዓመት በኋላ ማድሪድ ላይ፣ በ40 ዓመቱ፣ አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫን ከፍ አደረገ።

ዞፍ አሰልጣኝ ሲሆንም ስኬት አልራቀውም። በ1990 ዩቬንቱስን ይዞ የጣሊያን ዋንጫንና የዩኤፋ ዋንጫን በአንድ ዓመት አነሳ። የበረኛ ዓይኑ ይበልጥ የታየው ግን በ2000 ነው። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው የመጀመሪያ ምርጫው ጃንሉዊጂ ቡፎን እጁ ተሰበረ። ዞፍ ተጠባባቂውን ፍራንቼስኮ ቶልዶን አሰለፈ። በግማሽ ፍፃሜው አምስተርዳም ላይ፣ ከአስተናጋጇ ሆላንድ ጋር፣ ጣሊያን በዐሥር ሰው ቀርታ ቶልዶ በጨዋታው መሃል አንድ ፍፁም ቅጣት ምት አዳነ፤ በመለያ ምቱ ደግሞ ሁለት። ጣሊያን ፍፃሜ ገባች።

በፍፃሜው ፈረንሳይን 1 ለ 0 እየመሩ የመጨረሻው ፊሽካ ሊነፋ ሰከንዶች ሲቀሩ አቻ ሆኑ፤ በተጨማሪ ሰዓት ተሸነፉ። ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ በአደባባይ ሲተቸው ዞፍ ሥራውን ለቀቀ። አምስት ጎል የሚገባበት ቀን በአሰልጣኝነትም ይመጣል ማለት ነው።

ከበሩ ስር የሚታየው

በረኛ ለአሰልጣኝነት የሚያበቃው ምንድን ነው? መልሱ ከቆመበት ቦታ ይጀምራል። አጥቂ ጀርባውን ለግማሹ ሜዳ ሰጥቶ ይጫወታል። በረኛ ግን ከፊቱ ሃያ አንዱንም ተጫዋቾች ያያል። ማን ቦታውን እንደለቀቀ፣ ማን እንደደከመ፣ ማን ያለ ጠባቂ እንደቆመ ቀድሞ የሚታየው ለእሱ ነው። ስላየም ይናገራል፤ ካልተናገረ ጎሉ የሚገባው በራሱ በር ነውና። ተጠባባቂ በረኛ ደግሞ ከዚህም በላይ ያያል፤ ሥራው ማየትና ዝግጁ መሆን ነው።

በአፍሪካም ምሳሌ አለን። የሞሮኮው በረኛ ባዱ ዛኪ በ1986 የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመርጧል። በ2004 ደግሞ አሰልጣኝ ሆኖ አገሩን ለአፍሪካ ዋንጫ ፍፃሜ አብቅቷል።

ሁሉም በረኛ አሰልጣኝ ይሆናል እያልኩዎ አይደለም። የእህቴ ልጅም ነገ ኢንጂነር ወይም ሐኪም ሊሆን ይችላል። ግን በሁሉ ፊት ተሳስቶ በማግስቱ ወደዚያው ቦታ መመለስ በየትኛውም ሥራ ይጠቅመዋል። እኔ ይህን የተማርኩት ቢሮ ገብቼ፣ ዘግይቼ ነው።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

መጀመሪያ፣ «ስንት ገባብህ?» ብለው አይጠይቁት። ቁጥሩን እሱም ያውቀዋል። «ዛሬ ምን አየህ?» ይበሉት። የሚያየውን እንዲናገር ሲለመድ ስህተቱንም ሳይፈራ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ «ምንም አይደል» ለማለት አይቸኩሉ። እኔ የሠራሁት ስህተት ይህ ነው። ለልጁ «ምንም» አይደለም። «ከባድ ነው፣ አይቼሃለሁ። ሦስቱን ስታወጣም አይቼሃለሁ» ማለት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የበሩን ስፋት ይመልከቱ። የአዋቂዎች በር 7 ሜትር ከ32 ስፋትና 2 ሜትር ከ44 ቁመት አለው። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጁን ዘርግቶ ቢዘል እንኳ አግዳሚውን አይነካም። ልጅዎን በዚህ በር ስር አቁመው ገባብህ ማለት ፍርድ አይደለም። በትንሽ በር፣ በትንሽ ሜዳ፣ በጥቂት ልጆች ይጫወት።

አራተኛ፣ በረኛነቱ ብቻ አይሁን። በዚህ ዕድሜ አንድ ቀን በሩ ላይ፣ ሌላ ቀን ሜዳ ውስጥ እየተቀያየሩ ቢጫወቱ ሁሉም ልጅ የበረኛን ሸክም ያውቃል። አንድ ጊዜ ጓንት አጥልቆ የሚያውቅ ልጅ «በአንተ ነው» ለማለት አይቸኩልም።

አምስተኛ፣ ከመስመሩ ውጭ ቆመው አይጩሁ። ልጁ አሰልጣኝ አለው። ከእርስዎ የሚፈልገው ውኃና ወደ ቤት አብሮ መመለስ ነው። ስለ አወዳደቅ ግን አሰልጣኙን ይጠይቁ፤ በጎን መውደቅን ሳይማር ደረቅ መሬት ላይ የሚዘል ልጅ ክርኑንና ዳሌውን ይጎዳል።

ቀጣዩ ቅዳሜ

የስቴሊያንም የዞፍንም ታሪክ በሳምንቱ ውስጥ ማታ ማታ ነገርኩት። እንቁላሉ አሳቀው። እናቱ ከጓዳ ሆና «ስምንት? በዛሬ ዋጋ?» አለች። ስለ ዲትሮይት ስነግረው ግን አልሳቀም። «ከዚያ ቀን በኋላ ያው አሰልጣኝ እንደገና አሰለፈው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

ቅዳሜ ሲደርስ ለመሄድ እሺ አለ፣ በሩ ላይ ላለመቆም ግን ተማጠነ። አላስገደድነውም። ያን ቀን እናቱም አብራን መጣች። በሩ ላይ የቆመው ሌላ ልጅ ነበር። የእኛው ከበሩ ጀርባ ሄዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ዐሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ተመለከተ። ከዚያ ድምፁ ተሰማ። «ግራህን! ግራህን ዝጋ!» በሩ ላይ ያለው ልጅ ወደ ግራ አንድ እርምጃ ተጠጋ። ኳሷ መጥታ እግሩን መትታ ወጣች። ልጁ ዞሮ «እንዴት አወቅህ?» አለው።

«ከዚህ ይታያል» አለ የእኛው።

እህቴ አጠገቤ ቆማለች። ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ልጇ ትመለከት ነበር።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ እንደ ወትሮው አንገቱን ከባጃጁ አውጥቶ ወደ ውኃው አየ። ጉማሬ አልነበረም። ተመልሶ ሲቀመጥ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማ፣ ጓንቴ ታጥቧል?»